ፊቱ የማይናገር ሯጭ

የአንድን ሯጭ ዓላማና ብርቱ ምኞት በፊልም ለማሳየት የሚነሣ አዘጋጅ አስቀድሞ የሚገጥመው እንቅፋት፣ ዓላማ ራሱ የሚቀረጽ ነገር አለመሆኑ ነው፤ ካሜራ የሚይዘው ላብን፣ እግርንና ፊትን ነው፤ የአበበ ቢቂላ ፊት ደግሞ ስሜቱን የሚያወጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2፡15፡16.2 ሲያሸንፍም ሆነ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው በ2፡12፡11.2 ድሉን ሲደግም፣ ከገጹ ላይ የድካም ምልክት ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል።

ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ በ1965 ለእይታ ባበቃው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፊልሙ ለዚህ ዝምታ የሰጠው መልስ፣ ፊቱን በቅርበት ይዞ እንቅስቃሴውን ማዘግየት ነበር። ፊልሙ በሰፊው የተጠቀመበት ቴሌፎቶ ሌንስ፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይና በፊትና በኋላ መካከል ያለውን ርቀት የሚያጣብቅ መነጽር፣ ወደ ካሜራው የሚመጣን ሯጭ እየሮጠም ባለበት የቆመ ያስመስለዋል። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሸቤ ቡና የሚያሰጣ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ እሸት ቡና ጀንፈል እስኪሆን ድረስ በየቀኑ ሲገላበጥ በማለዳና በማታ መካከል ለውጥ አይታይበትም፣ መድረቁን ግን አያቆምም። የወራት ልምምድን በሙዚቃ አጅቦ በሁለት ደቂቃ የሚጨርስ ቅንብር፣ ማለትም ቀረጻዎችን ቆርጦ የማያያዝ ሥራ፣ የሚሰርቀው ይህንኑ ድግግሞሽ ነው (ተመልካቹ ስለሚወደው አዘጋጆች ሊተዉት አልቻሉም)።

በሌስሊ ውድሄድ አዘጋጅነት የተሠራውና ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱን ሆኖ የተወነበት የ1999ኙ ፊልም፣ የአርሲን የልጅነት ሩጫ በ1996 አትላንታ ላይ 10,000 ሜትሩ በ27፡07.34 ከተቋጨበት ድል ጋር ያገናኛል፤ የቤተሰቡ አባላት መተወናቸው ለፊልሙ እውነተኛ ለዛ ቢሰጠውም፣ መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ወርቅ በመሆኑ ጥያቄው ገና ሳይጠየቅ የተመለሰ ይመስላል።

ራሰላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል በ2009 ያቀረቡት «አትሌቱ» የመረጠው መንገድ ከዚህ የከበደ ነው። ራሰላስ ራሱ አበበን ሆኖ የሚተውንበት ይህ ፊልም የቆዩ የኦሊምፒክ ቀረጻዎችን ከትወናው ጋር ቢያዋህድም፣ ክብደቱን የጣለው በ1969 በደረሰው የመኪና አደጋ የሯጩ እግሮች ሽባ ከሆኑበት ጊዜ ወዲህ ባለው ሕይወት ላይ ነው። ሩጫው ሲወሰድ የሯጩ ምኞት ብቻውን ይቀራል፣ ያን ጊዜም መታየት ይጀምራል። በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የታከመው አበበ ቀስት ወደ መወርወር ሲዞር፣ ቀስተኛ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ የሚወዳደር በመሆኑ፣ ለካሜራው የቀሩት ክሩን የሚስቡት እጆችና ያ የማይናገር ፊት ብቻ ናቸው።