«ትክክለኛውን መልስ ምረጥ»፦ የአማርኛ ምንባብ ጥያቄዎች አማራጮች የሚደብቁት

በአማርኛ መለማመጃ መጻሕፍት ከምንባብ በኋላ ብዙውን ጊዜ አራት አማራጭ ያላቸው ጥያቄዎች ይከተላሉ። በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ የማቀርበው ሂስ የምንባቦቹን ክብደት ወይም ቅለት አይመለከትም። ተማሪው ሦስቱን አማራጮች የጣለበት ምክንያት ካልተጠየቀ፣ ያከበበው ፊደል ስለ ንባቡ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው የሚል ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰኝ በካርቱም፣ ከዓባይ ማዶ ባለው በሐጅ ዩሱፍ፣ ከሶቅ ሲታ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ የኪራይ ግቢ የነበረኝ የማስጠናት ልምድ ነው። ጊዜው ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ከመቀስቀሱ በፊት ነበር። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር አማርኛ፣ ከሰፈር ጓደኞቻቸው ጋር ዐረብኛ ይናገራሉ። መጽሐፍ ስላነሰን በመለማመጃዎቹ አምሳል እኔው የሚከተለውን አዘጋጀሁ፦

«ሴትዮዋ በየማለዳው ሁለት የሸክላ እንስራ ውሃ ሞልታ ከበሯ ውጭ፣ በዛፉ ጥላ ሥር ታስቀምጣለች። ሲመሽ እንስራዎቹ ባዶ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ግን ከቤት ስትወጣ አትታይም።» ሴትዮዋ ውሃውን እዚያ የምታስቀምጠው ለምንድን ነው? ሀ) እንዲቀዘቅዝላት ለ) ዛፉ እንዲጠጣ ሐ) አላፊ አግዳሚው እንዲጠጣ መ) ቤቷ ስለሚጠባት።

መልሱ «ሐ» ነው ብዬ ነበር። አብዛኞቹ ልጆችም «ሐ» አሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ ግን መንገዳቸው ለየቅል ሆነ። አንደኛው ልጅ እንስራዎቹ ባዶ መሆናቸውንና ሴትዮዋ አለመውጣቷን አገናኝቶ «ሀ»ን ጣለ፤ ለራሷ ቢሆን ኖሮ ወጥታ በቀዳች ነበር አለ። ሌላው ምንባቡን ጨርሶ አላነበበውም። በካርቱም ሰፈሮች ለመንገደኛ ከበር ውጭ የሚቀመጠውን ዚር የሚያውቅ ልጅ ስለሆነ አማራጩን እንዳየ ለየው። ሁለቱም እኩል ነጥብ አገኙ። «ለ»ን የመረጠችው ልጅ ዜሮ አገኘች፤ ሸክላ ውሃ ያዣል፣ ከዚር ሥር ሣር ይበቅላል፣ ምንባቡም «ሸክላ» እና «ዛፍ» ብሏል ስትል ተከራከረች። ክርክሯን ማሸነፍ ይቻላል፤ ሁለት ሙሉ እንስራ በአንድ ቀን አዥቶ አያልቅም። ነገር ግን ከሁለተኛው ልጅ ይልቅ ምንባቡን ያነበበችው እርሷ ናት።

በአሜሪካ ፍሬደሪክ ኬሊ በ1910ዎቹ እ.ኤ.አ. በካንሳስ የዝምታ ንባብ ፈተናውን ሲያዘጋጅ ዓላማው እርማቱ ፈጣንና ከአራሚ አራሚ የማይለያይ እንዲሆን ነበር። በዚያው ዐሥርት ዓመት፣ በ1917፣ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተማሪዎችን የንባብ ስሕተቶች መርምሮ ማንበብ ራሱ ማመዛዘን እንደሆነ ጻፈ፤ አንድ ቃል በአንባቢው አእምሮ ከሚገባው በላይ ሲገን የቀረውን ይጋርዳል። የእኔ «ሀ» የተሠራው በዚሁ ብልኀት ነው፤ «ጥላ» የሚለውን ቃል ያየ ወደ «ይቀዘቅዛል» እንዲሮጥ። ጥሩ አሳሳች አማራጭ ይህን የመሰለውን ስሕተት ይገልጣል። ሆኖም ስሕተቱን የምናየው ልጁ ሲናገር እንጂ ሲያከብብ አይደለም።

በአማርኛ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የጎደለውን ሙላ የሚለው ጥያቄ ባዶውን ቦታ ከግሱ በፊት ይተዋል፤ ግሱ ደግሞ ጾታና ቁጥር ይዞ ይመጣል። «መንደሩን ለቃ የሄደችው ____ ናት» ተብሎ «አዛውንቱ፣ ወጣቱ፣ እናቲቱ፣ ጎረቤቶቹ» ከተደረደሩ፣ ምንባቡን ያላነበበም «እናቲቱ» ይላል። «ያልተጠቀሰው የቱ ነው» በሚለውም አሉታው በ«ያል» ውስጥ ተሸሽጓል። ያንን ሳያስተውል ያለፈ ጎበዝ አንባቢ የተጠቀሰውን መርጦ ይወድቃል። የተፈተነው ዐይኑ ነው። ካሰመሩበት ችግሩ ይቃለላል፤ የመጀመሪያው ግን በማስመር አይድንም፣ አማራጮቹ ሁሉ ከግሱ ጋር እንዲስማሙ ሆነው መጻፍ አለባቸው።

በአንድምታ ትርጓሜ ባህላችን መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ ሲፈታው እያንዳንዱ ፍች ምክንያቱን ይዞ ይቆማል። የምንባብ ጥያቄ እንዲያ ይሁን አልልም። ስለ ሴትዮዋ ውሃ «መ» ከምንባቡ አንዳች ድጋፍ የለውም፣ መውደቅም አለበት። ግን በምን ዐረፍተ ነገር እንደወደቀ ተማሪው ሊናገር ይገባል።

በመኪና የሚታረም አገር አቀፍ ፈተና ይህን አይችልም የሚል መልስ ይመጣል፤ እውነት ነው። የክፍል ፈተና ግን በመምህር እጅ ይታረማል። ከአራቱ አማራጮች ሥር «የጣልከውን አንዱን ምረጥና የጣለውን ዐረፍተ ነገር ከምንባቡ ቅዳ» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ወረቀት አያበዛም። ከዚያ በኋላ በሐጅ ዩሱፍ እንዲሁ አደረግን። «ለ» ያለችው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ምንባብ ላይ ትክክለኛውን ፊደል አከበበች፤ ከሥሩ የቀዳችው ዐረፍተ ነገር ግን ሌላውን አማራጭ የሚደግፍ ነበር። ደብተሯን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ ፊደሉን ልሰርዘው?» ብላ ጠየቀችኝ።