የባርቴል መለኪያ፦ 100 ነጥብ ምን ይነግረናል?

ማሆኒና ባርቴል በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መለኪያ፣ በነርቭ ወይም በጡንቻ ሕመም የተጎዳ ሰው ምን ያህል ራሱን እንደሚችል በ10 የዕለት ተግባራት ይመዝናል፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 100 ነው። አጭርነቱና ልዩ መሣሪያ አለመሻቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ አዘጋጆቹ ራሳቸው እንዳሳሰቡት፣ 100 ያገኘ ሕመምተኛ ብቻውን መኖር ይችላል ማለት አይደለም፤ ምግብ ማብሰልና ቤት መያዝ አልተካተቱምና። በአገራችን ገጠር ጉድለቱ ይበልጥ ይሰፋል። ደረጃ መውጣት 10 ነጥብ ሲያሰጥ፣ በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ከምንጭ ውኃ መቅዳትና አቀበት መውጣት ለብቻቸው አይመዘኑም።

በመሆኑም በነጥቡ ብቻ ተመርኩዞ ፊዚዮቴራፒን ማቋረጥ አግባብ አይደለም። ሕመምተኛው የሚመለስበትን ቤትና መንገድ የሚመለከቱ ጥያቄዎች ከነጥቡ ጎን በካርዱ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል።