ጥፋቱ የፀጉሯ ነው?

«ማበጠር» የሚለው ቃል በአማርኛችን ብዙ ሙያ አለው። እህል ይበጠራል፤ ፀጉር ይበጠራል፤ አንድን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰውም «አበጥሮ ያውቀዋል» ይባላል። እህል የምታበጥር ሴት ገለባው አልወጣ ቢላት ስንዴውን አትሳደብም። እሁድ ማታ ልጇን ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ማበጠሪያ ያነሳች እናት ግን... እስቲ ጎረቤት ሆናችሁ ስሙ። «አንገትሽን ቀጥ አድርጊ!» «ምኑን ነክቼሽ ነው የምትጮሂው?» «ይሄን ከርዳዳ የአባትሽን ፀጉር አምጥተሽ!»

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ክስ ውስጥ ማበጠሪያው አልተጠየቀም። ደረቅ ፀጉር ውስጥ ከሥሩ ተሰክቶ ቁልቁል የሚጎተተው፣ ጥርሱ የተጠጋጋው ማበጠሪያ በነፃ ተለቆ ተከሳሿ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ቁጭ።

ቃሎቻችንም ለፍርዱ አግዘዋል። «ዞማ» ምርቃት ነው፤ «ሉጫ» ሙገሳ፤ «ከርዳዳ» ስንል ግን ፊታችንም አብሮ ይጨማደዳል። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የፍቅር ግጥም ስንተነትን የተወዳጇ ፀጉር ወይ ሐር ነው፣ ወይ ወገቧ ድረስ የወረደ ዞማ። ከርዳዳ ፀጉር ያላት ተወዳጅ አጋጥማኝ እንደሆነ ለማስታወስ ብዙ ማሰብ ይኖርብኛል።

ፈረንጆቹ ይህን ቁስል በዘፈን ለማከም ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 «ሰሰሚ ስትሪት» የተሰኘው የአሜሪካ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም አንዲት ጠይም አሻንጉሊት ፀጉሯን እንደምትወድ የምትዘፍንበትን ቁራጭ አቀረበ። ግጥሙን የጻፈው በወቅቱ የፕሮግራሙ ዋና ጸሐፊ የነበረው ጆይ ማዛሪኖ ነው፤ መነሻው ደግሞ ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የወሰዳት ልጁ ረጅም ወርቃማ ፀጉር መመኘት መጀመሯ ነበር። የሰውየው ልብ ደግ ነው፤ ሥራውም ያምራል። አሻንጉሊቷ ጎፈሬውንም ሹሩባውንም እያማረጠች ትጨፍራለች። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ከአንዱ አሠራር ወደ ሌላው በቅጽበት ትሻገራለች። በሁለቱ መካከል ያለው መፍታት፣ ያ ሕፃን የሚያስለቅሰው ሥራ፣ አይታይም። የአሻንጉሊት ራስ መቼም አያመውም። ጠዋት በዘፈን «ፀጉርሽ ውብ ነው» የተባለች ልጅ ማታ ከተጎተተች የምታምነው የራስ ቅሏን ነው።

ሥራው እኮ ምስጢር የለውም። የተጠቀለለ ፀጉር በየመታጠፊያው ደካማ ነው፤ የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ቅባትም ጥቅልሉን ተከትሎ እስከ ጫፍ ለመውረድ ስለሚቸግረው ፀጉሩ ይደርቃል፤ የደረቀው ደግሞ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። ከሥር ጀምሮ መጎተት ያንን ሁሉ ቋጠሮ ወደ ታች ገፍቶ አንድ ጠንካራ ቋጠሮ ማድረግ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ የሚለቀመው ወለል ላይ የረገፈው ፀጉር ነው። ስለዚህ በውሃ ማራስ፣ ኮንዲሽነር በደንብ መቀባት፣ አራት ቦታ መክፈል። መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ በተራራቀ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ላይ። ትልቁ ነገር ደግሞ ከቋጠሮው በላይ ያለውን ፀጉር በሌላው እጅ ጨብጦ መያዝ ነው፤ ጉተታው እጃችን ላይ ይቀራል፣ የልጅቷ ራስ ጋ አይደርስም። የተፈታውን ክፍል ላላ አድርጎ ጎንጉኖ ወደሚቀጥለው ማለፍ። ስትተኛም ላላ ያለ ጉንጉን የነገውን ሥራ ያቀላል።

«እናቶቻችን በቅቤ ብቻ አሳድገውን የለ!» የሚል አይጠፋም። ቅቤው እውነት ነው፤ ያለሰልሳል፣ ማበጠሪያውንም ያንሸራትታል። ግን የረሳነው ነገር አለ፦ በቁንጮና በጋሜ ዘመን የልጅ ራስ አብዛኛው ይላጭ ነበር። የሚፈታው ፀጉር ጥቂት ነበር። እኛ ጎፈሬውን ሙሉ አሳድገን፣ ለማበጠሪያው የመደብነው ጊዜ የቁንጮ ነው። ሹሩባውም ቢሆን ቅንድብ እስኪወጠር ሲጠብቅ የግንባርና የጆሮ ግንድ ፀጉርን ያሳሳል፤ ጥብቀቱ ግን ዛሬም እንደ ባለሙያነት ይቆጠራል።

በቅርቡ አንዲት ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ የፀጉር ማለስለሻ ክሬም ካርቶን ላይ ያለችውን ፈገግተኛ ሕፃን እያየች «ይሄን ከተቀባሁ አያመኝም አይደል?» ስትል ሰማሁ። ስለ ውበት አንድ ቃል አልወጣትም። ያ ክሬም ፀጉርን የሚያቀናው ውስጡን በኬሚካል ሰብሮ ነው፤ የራስ ቆዳንም ሊያቃጥል ይችላል። ልጅቷ ከማበጠሪያ ሸሽታ ወደ እሳት ልትገባ ነው።

በእናቶች መፍረድ ቀላል ነው። ሥራ ውላ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ወጥ ሠርታ፣ ውሃ በጄሪካን ቀድታ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማበጠሪያ የምታነሳ ሴት ትዕግሥት ከየት ታምጣ? እዚያው ሳሎን ውስጥ ግን ሌላ ሰው አለ፤ ሶፋው ላይ ተጋድሞ «ኧረ ልጅቷን አታስለቅሻት!» የሚል። ውሃ የሞላ መርጫ ይዞ ከልጁ ኋላ መቀመጥ ምን ይከብደዋል? ኳሱ እንደሆነ ከዚያም ሆኖ ይታያል።