«የመጀመሪያ ወተት» ወይስ «እንገር»?
ስለ ውርንጭላ በሽታን የመከላከል ኃይል በተዘጋጀ ረቂቅ ላይ የቀረበ የስያሜ ሂስ

ስለ ፈረስ አረባብ ለማስተማር የተዘጋጀ አንድ ረቂቅ ጽሑፍ ለስያሜ ምርመራ ደርሶን ተመልክተነዋል። የረቂቁ ዐቢይ ጉዳይ አዲስ የተወለደ ውርንጭላ በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ከየት እንደሚመጣና የባዝራዋ እንገር በዚህ ረገድ ያለውን ድርሻ ማስረዳት ነው። አዘጋጁ ሙያቸውን ጠንቅቀው ማወቃቸው ከገጽ ገጽ ይታያል። ቅሬታችን በስያሜዎቹ ላይ ነው። ስያሜ ሲሳሳት ዕውቀቱ ከአንባቢው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራልና፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ የሚባክነው ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

አስቀድመን የነገሩን ሥረ መሠረት ባጭሩ እናስታውስ። በሰው ዘንድ የእናት ፀረ እንግዳ አካላት ገና በማሕፀን ሳለ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራሉ። በባዝራ ግን የእናትንና የፅንስን ደም ስድስት ድርብ ሽፋን ስለሚለያቸው አይሻገሩም፤ ውርንጭላው የሚወለደው ከሞላ ጎደል ያለ እነርሱ ነው። በዚህ ፈንታ የባዝራዋ ጡት በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ፀረ እንግዳ አካላትን ከደሟ እየሳበ በእንገሩ ውስጥ ያከማቻል። ውርንጭላው ሲጠባ ትንሹ አንጀቱ ሳይፈጫቸው እንዳሉ ተቀብሎ ወደ ደም ያስገባቸዋል። ይኸው የአንጀት በር በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት በሰፊው ይከፈታል፤ ከዚያ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ጤናማ ውርንጭላ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲቆም፣ በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲጠባ የሚጠበቀውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ስያሜዎቹ እንለፍ። አዘጋጁ «እንገር» የሚለውን ቃል ትተው «የመጀመሪያ ወተት» ብለዋል። ምክንያታቸውም እንገር የላም ነው፣ በአገራችንም ባዝራ አትታለብም የሚል ነው። ይህ ምክንያት አላረካንም። ላም በወለደችበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ እንገር ወፍራምና ቢጫ፣ ከወተት የተለየ ነገር መሆኑን ያውቃል። ቃሉም ከላም አልፎ ለሰው ሆኗል፤ የወላድ እናቶች የጤና ትምህርት እንገር ለሕፃኑ እንዲሰጥ ሲመክር የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ለሰው ከሆነ ለባዝራ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም። «የመጀመሪያ ወተት» ግን በሁለት መንገድ ያሳስታል። አንደኛ፣ ነገሩን ወተት ያሰኘዋል፤ ወተት ከሆነ ደግሞ የዛሬው ቢያመልጥ የነገው ይተካዋል ያሰኛል። ሁለተኛ፣ «መጀመሪያ» ወሰን የለውም፤ የመጀመሪያው ሰዓት ነው ወይስ የመጀመሪያው ሳምንት? ባዝራዋ ሳትወልድ አስቀድሞ ጡቷ ሲያንጠባጥብ ያየ ባለፈረስ ወተቷ በዛ ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። እንገሯ እየፈሰሰ መሆኑን ቢነገረው ግን ይደነግጣል፤ ሊደነግጥም ይገባዋል።

በእርግጥ «እንገር» የሚለው ቃልም ብቻውን ሰዓቱን አይናገርም፤ ላም ለጥቂት ቀናት የምትሰጠው ሁሉ በልማድ እንገር ይባላል። ስለሆነም ሰዓቱን መሸከም ያለበት የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ነው እንጂ ስያሜው አይደለም።

ሁለተኛው ስያሜ «የተገብሮ ዝውውር ውድቀት» የሚለው ነው። ይህ ቃል በቃል የተገለበጠ የባዕድ ሐረግ ነው። «ተገብሮ» በሰዋስዋችን የግሥ ጠባይ መጠሪያ ስለሆነ ከጋጣ ገብቶ የሚሠራው ሥራ የለም። ራስ በሠራው መከላከያና ከሌላ በተቀበሉት መካከል ያለው ልዩነት ሲነሣ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1892 በአይጦች ላይ ባደረገው ምርመራ መከላከያው በወተት ወደ ግልገሎቹ እንደሚያልፍ አሳይቷል። ይህን ልዩነት «ከእናት የተገኘ መከላከያ» ማለት በቀላሉ ይገልጸዋል።

«ውድቀት» የሚለውም ደረጃ አይቀበልም። ሐኪሞች ግን በደረጃ ይለካሉ፤ ውርንጭላው ከተወለደ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ሲሆነው ደሙ ተመርምሮ ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ የተባለው በ100 ሚሊ ሊትር ከ800 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ በቂ ነው፤ ከ400 እስከ 800 ከሆነ ከፊል ጉድለት፣ ከ400 በታች ከሆነ የከፋ ጉድለት ይባላል። በተጨማሪም ጥፋቱ ከሦስት ወገን ሊመጣ ይችላል፤ እንገሩ ደካማ ሊሆን፣ ውርንጭላው ሊዘገይ፣ ወይም አንጀቱ ሳይቀበል ሊቀር ይችላል። «የእንገር መከላከያ ጉድለት» ብንል ሦስቱንም ያለ አድልዎ ያቅፋል። «ሙሉ» የሚለው ቅጽል ከ«ጉድለት» ጋር ስለሚጣላ ደረጃዎቹን «ከፊል» እና «ከባድ» ማለት ይሻላል። አንጀቱ ከተዘጋ በኋላ እንገር ማጠጣት ጉድለቱን አይሞላም፤ ፕላዝማ በደም ሥር መስጠት ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና እጅግ ያሳሰበን ፀረ እንግዳ አካልን «መድኅን» ብለው መሰየማቸው ነው። ቃሉ ያማረ ቢሆንም እውነቱን ይሸፍናል። ለዚህ በቅሎ ምስክር ናት። ከወንድ አህያ የፀነሰች ባዝራ የውርንጭላዋ ቀይ የደም ሕዋሳት ከአባቱ የወረሱት ምልክት ለእርሷ እንግዳ ነው። ሰውነቷ ይህን ምልክት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በወለደችው በቅሎ ምክንያት፣ የሚያውቀው ከሆነ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል። ያው የእንግዴ ልጅ ሽፋን ስለሚጋርደው ፅንሱ በማሕፀን ሳለ አይጎዳም። ተወልዶ እንገሩን ሲጠባ ግን የጠባው የገዛ ደሙን ያፈርሰዋል፤ ይደክማል፣ ዐይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለው ውርንጭላ የእናቱ እንገር ተከልክሎ የሌላ ባዝራ እንገር ሊሰጠው ይገባል። ታዲያ «መድኅን» የሚገድለው እንዴት ነው ብሎ ተማሪው ቢጠይቅ መምህሩ ምን ይመልሳል? «ፀረ እንግዳ አካል» ግን መልሱን በስሙ ይዟል፤ ሥራው እንግዳ ያለውን መቃወም ነው፣ እንግዳው ተሐዋሲ ይሁን የውርንጭላው ደም አይለይም። በቅሎ በሚራባበት አገር ይህን የሚሰውር ስያሜ መትከል አይገባም እንላለን።

በበኩላችን «እንገር»፣ «ከእናት የተገኘ መከላከያ»፣ «የእንገር መከላከያ ጉድለት» እና «ፀረ እንግዳ አካል» እንዲጸኑ እናሳስባለን። ለመጀመሪያው ቃል የምናቀርበው ፍቺም የሚከተለው ነው፦ «እንገር፦ አጥቢ እንስት እንደ ወለደች ከጡቷ የሚወጣ፣ ፀረ እንግዳ አካላት የተከማቹበት ወፍራም ፈሳሽ፤ ለውርንጭላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልደረሰው በኋላ ቢጠጣው ወደ ደሙ የማይገባ።» አዘጋጁ የሚቃወሙት ነጥብ ቢኖር መልሳቸውን በደስታ እንቀበላለን።