የሂንዱ ሊቃውንት ስለ ሀብት ባስተማሩት ላይ የቀረበ ትችት

የሂንዱ ጥንታዊ ትምህርት ለሰው ልጅ ሕይወት አራት ዓላማዎችን ይመድባል፤ እነርሱም ዳርማ (ጽድቅና ግዴታ)፣ አርታ (ሀብትና ሥልጣን)፣ ካማ (ደስታ) እና ሞክሻ (ከዳግም መወለድ ነጻ መውጣት) ናቸው። እንግዲህ ሂንዱ ሀብትን ይንቃል የሚሉ ሰዎች መናኙን ብቻ አይተው የፈረዱ ይመስለናል። ሊቃውንቱ የሚሉት፣ ሀብት መፈለግ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ከዳርማ አጥር አይውጣ ነው። የእኛ ጥያቄ አጥሩን የሚጠብቀው ማን ነው የሚል ነው።

በካውቲልያ ስም የሚጠራው «አርታሻስትራ» ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ከኖረ በኋላ ሻማሻስትሪ የተባሉ ሊቅ በማይሶር በ1905 እ.ኤ.አ. አግኝተው በ1909 አሳተሙት። ይህ መጽሐፍ በነጋዴ ቃል አይታመንም። በአገር ውስጥ ዕቃ ከመቶ 5፣ በውጭ ዕቃ ከመቶ 10 ትርፍ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ያለፈውንና ሚዛን ያጎደለውን ይቀጣል። ይህን እናደንቃለን። ከቢዮ አዋሌ ወደ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ምርቱን ይዞ የሚመጣ ገበሬ ከነጋዴው ቅን ልብ ይልቅ የሚዛን ተቆጣጣሪ ይጠቅመዋልና። (በድሬዳዋ የነገዱትን ሕንዶች ሁሉ ግን በዚህ መጽሐፍ መመዘን አይገባም፤ ከሁሉ የታወቀው የመሐመድ አሊ ኩባንያ፣ ኢጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ከአገር ያባረሩት፣ የጉጃራት ቦህራ ሙስሊሞች ነበር።)

ዳሩ ግን ካውቲልያ ነጋዴውን እንዲህ አጥብቆ ሲይዝ ንጉሡን ይለቀዋል። ግምጃ ቤቱ ሲራቆት ንጉሡ የሐሰት ተአምር አሳይቶ ከየዋሁ ሕዝብ ገንዘብ እንዲሰበስብ ይመክራል። ታዲያ ሚዛኑን የሚቆጣጠረውን ማን ይቆጣጠረው?

የማኑ ሕግ ደግሞ ይብሳል። ከንጽሕና ሁሉ በሀብት ረገድ ንጹሕ መሆን ይበልጣል የሚለው ይኸው መጽሐፍ፣ የወር ወለድን ከመቶ ለብራህማን 2፣ ለክሻትሪያ 3፣ ለቫይሽያ 4፣ ለሹድራ 5 አድርጎ ይወስናል። ከሁሉ ዝቅ ያለው ከሁሉ አብልጦ ይከፍላል፤ አበዳሪውም ከዳርማ አልወጣም። እዚህ ላይ ጥፋቱ አጥሩን የዘለለው ሰው ሳይሆን አጥሩ ራሱ ነው።

ማኅተማ ጋንዲ ባለጠጋ ራሱን የሀብቱ ባለአደራ አድርጎ ይቁጠር ሲሉ ያስተማሩት ከዚህ ይሻላል። ባለአደራው አደራ ቢበላስ? መልሳቸው ከእርሱ ጋር በሰላም አለመተባበር ነው። ይህ ሌላ ገዢ እስኪያገኝ መቆየት ለሚችል ሰው ይሠራል፤ ሳይመሽ ሸጦ ወደ ቢዮ አዋሌ መመለስ ያለበት ገበሬ ግን የቀረበለትን ዋጋ ይቀበላል።