«ከአቅም በላይ» የሆነ ቃል
በግንባታ ውሎች የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሕንፃም ሆነ የመንገድ ሥራ ውል የሚጻፈው ሥራው በደኅና እንዲፈጸም ብቻ አይደለም፤ ነገር በተበላሸ ጊዜ ጉዳቱ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ለመወሰንም ነው። የሕግ ባለሙያዎች ይህን ተግባር በአንቀጾች ይፈጽሙታል። አንቀጾቹ ግን የተሠሩት ከቃላት ነው፤ ቃሉ ከተዛነፈ ጉዳቱም ባልታሰበ ሰው ላይ ይወድቃል። ስለሆነም ስያሜ የሚያወጣ የቋንቋ ባለሙያ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የተዋዋዮችን ኪሣራ በማከፋፈል ሥራ ይሳተፋል። በዚህ ጽሑፍ በግንባታ ውሎች ውስጥ የሚዘወተሩ ጥቂት ስያሜዎችን ከዚህ አንጻር እንመረምራለን።

ለምርመራችን ነቀምቴንና በዙሪያዋ ያሉትን የወለጋ ከተሞች፣ ጊምቢን፣ ደምቢ ዶሎንና ሻምቡን መርጠናል። ምክንያታችንም የውሉ ቃል በእነዚህ ከተሞች ሦስት ቋንቋ የሚሻገር መሆኑ ነው። የታላላቅ መንገዶችና ሕንፃዎች የውል ሁኔታዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው፤ ፊዲክ በሚል አጠራር የሚታወቀው የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያወጣቸው፣ ወይም በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሥራና ከተማ ልማት ሚኒስቴር መደበኛ የውል ሁኔታ የመሳሰሉ ሰነዶች ይገኙባቸዋል። ውሉ የሚዳኝበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣ ሲሆን፣ ረቂቁ በሬኔ ዳቪድ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። የክልሉ መሥሪያ ቤቶችና ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ነው። እንግዲህ አንድ ሐረግ ከፈረንሳይኛ ተነሥቶ በአማርኛ በኩል ነቀምቴ እስኪደርስ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል መጠየቅ ይገባል።

በመጀመሪያ «አደጋ» የሚለውን ስያሜ እንመልከት። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ ሰነድ፣ በአሠሪው ላይ የሚወድቁ ጉዳቶች የሚዘረዘሩበት አንቀጽ አለ። ይህን አርእስት «የአሠሪው አደጋዎች» ብሎ መተርጐም የተለመደ ዐይነት ስሕተት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲያነብ አሠሪው የደረሰበትን ወይም ያደረሰውን አደጋ እንጂ፣ ማንም ሳያጠፋ የሚደርስንና አሠሪው ሊከፍልበት የተስማማውን ጉዳት አያስብም። «ሥጋት» የሚለው አማራጭ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ጭምር ገብቶ ሥር ሰዷል፤ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አደጋውን ከሥጋቱ መለየቱ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ሥጋትም በልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ገና ያልደረሰውን መፍራት ነው። ውሉ የሚፈልገው ሦስተኛውን ጽንሰ ሐሳብ፣ ማለትም ጉዳቱ ሲደርስ ተሸካሚው ማን እንደሆነ ነው።

የችግሩ ምንጭ፣ እንደምናምነው፣ የቃል እጥረት አይደለም። ስያሜ አውጪዎች ለእያንዳንዱ የባዕድ ስም አንድ የአማርኛ ስም ለማቆም መጨነቃቸው ነው። አማርኛ በዚህ ጉዳይ የሚናገረው በግሥ ነው፤ ጉዳት «ይወድቃል»፣ ሰው ዕዳን «ይሸከማል»። «በአሠሪው ላይ የሚወድቁ ጉዳቶች» ብንል ቃሉ ይረዝማል እንጂ ትርጉሙ አይጠፋም፤ ግንበኛውም፣ ዳኛውም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊም እኩል ይረዱታል።

ሁለተኛውና ክብደት ያለው ጉዳይ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለው ስያሜ ነው። የፈረንሳይኛው አባባል ቃል በቃል የሚበልጥ ኃይል ማለት ስለሆነ፣ አማርኛው ለቃሉ ታማኝ ነው። ለሐሳቡ ግን ታማኝ አይደለም። በሕጉ ቁጥር 1792 መሠረት ባለዕዳው ነፃ የሚወጣው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ይኸውም የደረሰው ነገር በተለመደው አስተያየት አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ሲሆን፣ እንዲሁም ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ ሲያግደው ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የመጀመሪያው በስያሜው ውስጥ ጨርሶ የለም። ሁለተኛውም «አቅም» በሚለው ቃል ተሸፍኗል፤ በዕለት ተዕለት ንግግራችን አቅም ማለት የገንዘብ መጠን ጭምር ነውና። «አቅሜ አይፈቅድም» የሚል ሰው መግዛት አልችልም ማለቱ ነው።

ስለዚህ ሲሚንቶና ብረት በተወደደ ጊዜ ተቋራጩ «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» ብሎ ሲጽፍ በአማርኛው አልተሳሳተም። በሕጉ ግን ተሳስቷል፤ ቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መለዋወጥን ከዚህ ምክንያት ውጭ ያደርገዋልና። በተለይ የሚያሳዝነው ሌላ በር ሳለለት ወደ ተዘጋው በር መሄዱ ነው። ውሉ ከአስተዳደር መሥሪያ ቤት ጋር የተደረገ ከሆነ፣ ያልታሰበ ሁኔታ የውሉን ሚዛን ሲያናጋው ተዋዋዩ እርዳታ የሚጠይቅበት ደንብ በቁጥር 3183 ተደንግጓል። አንዱ ደንብ ከግዴታ ነፃ ያወጣል፤ ሌላው ሥራው እንዲቀጥል ያግዛል። በተለመደው የደብዳቤ አማርኛ ሁለቱም «ከአቅም በላይ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ይከተታሉ።

የወለጋ ዝናብ ይህንኑ በሌላ ገጽ ያሳየናል። ምዕራቡ አገራችን ከፍተኛ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ክፍሎች አንዱ ነው። በሐምሌ ወር ጊምቢ አጠገብ የተደለደለ አፈር በጎርፍ ቢወሰድ፣ ጎርፉ ከሰው ጉልበት እንደሚበልጥ የሚጠራጠር የለም፤ በስያሜው ሚዛን ተቋራጩ ነፃ ነው። በሕጉ ሚዛን ግን በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «በወለጋ ሐምሌ እንደሚዘንብ አላወቅህም ወይ?» የሚለው ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች የተከሠተው ግጭት ደግሞ ጥያቄውን የባሰ አክብዶታል። ሕጉ በቁጥር 1793 የእርስ በርስ ጦርነትን በምሳሌነት ይጠቅሳል፤ የፊዲክ ሰነዶችም አመፅንና ሁከትን በስማቸው ይዘረዝራሉ። በሥራ ደብዳቤዎች የሚዘወተረው አገላለጽ ግን «የጸጥታ ችግር» ነው። ይህ ለስላሳ አነጋገር ለመሥሪያ ቤት ጨዋነት ይመች ይሆናል፤ ነገር ግን በሕጉም በውሉም ዝርዝር ውስጥ የሌለ ስም ነው። ሠራተኞቹን አስወጥቶ መሣሪያውን ጥሎ የሄደ ተቋራጭ የደረሰበትን ነገር በስሙ ካልጠራው፣ ክርክሩ ከፍሬ ነገሩ ወደ ቃሉ ይዞራል። ከዚህም በላይ፣ ግጭቱ ከታወቀ በኋላ የተፈረመ ውል «አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል» የሚለውን መስፈርት እንዴት ያሟላል? ስያሜው ይህን ጥያቄ ስለሚሰውር፣ ተዋዋዮቹ ሳይነጋገሩበት ይፈርማሉ። በቁጥር 1733 መሠረት ደግሞ ግልጽ የሆነን የውል ቃል ዳኛው በትርጉም ሊለውጠው አይችልም።

በአፋን ኦሮሞ የሚዘወተረው «ሁምና ኦል» የሚለው አባባል የአማርኛው አቻ ነው፤ ሁምና ኃይል፣ ጉልበት ማለት ነውና። እንደምናየው ጉድለቱ ሳይታረም ቋንቋ ተሻግሯል። ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚመልሱ ባልደረቦቻችን ከአማርኛው ሳይሆን ከጽንሰ ሐሳቡ ቢነሡ የተሻለ ይሆናል እንላለን።

መልካም ስያሜ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ተቋራጭ» የሚለው ቃል ሥራን በቁርጥ ዋጋ ከመያዝ ልማድ የተገኘ ስለሆነ፣ ሕግ ያልተማረ ሰው እንኳ የግዴታውን ጠባይ ከስሙ ይረዳል። «ዋቢ» በአማርኛ ምስክርነትንና ማስረጃን ወደ ማመልከት ሲያደላ፣ በአፋን ኦሮሞ ዋስ ማለት ነው፤ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ ተርጓሚ እንዲህ ያለውን መመሳሰል እንደ ሀብትም እንደ ወጥመድም ሊያየው ይገባል።

በ1931 እ.ኤ.አ. በነቀምቴ ያረፉት ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጕሙ፣ አስቴር ጋኖ የቋንቋውን ቃላት ከራሷ አንደበት እየለቀመች እንደረዳቻቸው ይታወቃል። ትምህርቱ ለእኛም ነው፤ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በሚሠራበት ቦታ፣ በሚጠቀሙበት ሰዎች አንደበት መፈተን አለበት።

እኛ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» ከሕጉ ይፋቅ አንልም፤ ከስድሳ ዓመታት በላይ የተሠራበትን ቃል መንቀል ሌላ መናወጥ ያመጣል። የምንጠይቀው፣ በመዝገበ ቃላት ሲገባ ሁለቱ መስፈርቶች አብረውት እንዲጻፉ፣ የውል አርቃቂዎችም በዚያው አንቀጽ «አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል» የሚለውን ሳይጨምሩ እንዳይጠቀሙበት ነው። ፊዲክ ራሱ በ2017 እ.ኤ.አ. እትሙ የቀድሞውን የፈረንሳይኛ ስያሜ ትቶ «ልዩ ክሥተቶች» ወደሚል አጠራር መዞሩን እናስታውሳለን። ለወደፊቱ ውይይት «ደራሽ እክል» የሚለውን እናቀርባለን፤ ደራሽ ጎርፍ እንደምንለው ድንገተኛነቱን፣ እክል ደግሞ ማገዱን ያመለክታልና። ደራሽ ረዳት ማለትም መሆኑን አንዘነጋም። የተሻለ ያላችሁ፣ በተለይም የወለጋን ግንበኞችና ጠበቆች አነጋገር የምታውቁ አንባብያን፣ እንድታርሙን እንጠይቃለን።