ቢላ የለውም፣ መንገድ ግን አለው

ስለ ጨረር ሕክምና ስታነቡ ይህችን ምክር ደጋግማችሁ ታገኟታላችሁ፦ የቆዳ ካንሰር የያዛቸው አረጋውያን ቀዶ ጥገና ከከበዳቸው ጨረር ይሻላቸዋል፤ ቢላ የለውም፣ ሲሰጥም አያምም። ልክ ነው። ግን መንገዱ ተረስቷል! ጨረሩ የሚሰጠው ጤነኛው ቆዳ በመሃል እንዲያገግም ተከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ነው። ወልቂጤ ላሉ አያት ደግሞ ለዓመታት የነበረው ማዕከል አንድ ብቻ፣ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። የቡታጅራዎቹም ያው ናቸው። (ማን ያመላልሳቸው? የት ይሰንብቱ?) የእያንዳንዱን ቀን መጠን ከፍ አድርጎ ቀኑን የሚያሳጥር አሰጣጥ እኮ አለ፤ ጽሑፎቹ በጨረፍታ ያልፉታል፣ እኔ ብሆን ከእሱ እጀምር ነበር። ደግሞ ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ ቦታው ብቻ ደንዝዞ ተቆርጦ ይወጣል። ለዓመታት አልድን ያለ የእግር ቁስል ወይም ምድጃ ያቃጠለው አሮጌ ጠባሳ፣ አያታችሁ «የቆየ ነው፣ ተዉት» የሚሉት፣ እሱ ራሱ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።